ሁለት የኤሌክትሪክ መኪኖች በአንድ ጋራዥ፦ አደጋው ያለው የት ነው?

በኮሎራዶ ግዛት ዴንቨርንና ኦሮራን ከሰሜን ወደ ደቡብ በሚያቋርጠው ፒዮሪያ ስትሪት ጎሕ ሳይቀድ መኪና የሚያስነሡ ብዙዎች ናቸው። ወደ ዴንቨር ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ መንገደኛ ለማድረስ የሚጣደፉ ኢትዮጵያውያን አሽከርካሪዎችም ከእነዚሁ መካከል ይገኛሉ። ለእንዲህ ያለው አሽከርካሪ የኤሌክትሪክ መኪና የቅንጦት ዕቃ ሳይሆን የቤንዚን ወጪን የሚቀንስ የሥራ መሣሪያ ነው። ሌሊቱን በወጉ ኃይል ሳይሞላ ያደረ መኪና ደግሞ የቀኑን ገቢ ያስቀራል። ለትዳር ጓደኛ ሁለተኛ የኤሌክትሪክ መኪና ሲገዛ ጥያቄው ይከብዳል፤ ሁለቱን መኪኖች በአንድ ሌሊት፣ ልጆች ከተኙበት ክፍል ሥር ወይም ጎን ባለ ጋራዥ ውስጥ፣ ያለ ስጋት ኃይል መሙላት ይቻላል ወይ?

ይቻላል። ነገር ግን ሰው የሚፈራውና ሊፈራ የሚገባው ነገር ብዙውን ጊዜ አንድ አይደሉም። ብዙዎች የሚፈሩት የመኪናውን ባትሪ ነው። ባትሪው እያንዳንዱን የሙቀት ለውጥ የሚከታተል የራሱ ኮምፒውተር አለው። ከግድግዳው ጀርባ ያለውን ሽቦ፣ በሶኬቱ ውስጥ ያለችውን ብሎንና ከሃምሳና ከስድሳ ዓመት በፊት የተገጠመውን የብሬከር ሳጥን ግን የሚከታተል የለም። የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ እርሱ ነው።

በመጀመሪያ አንድ የተለመደ ስሕተት እናርም። ጋራዥ ውስጥ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው፣ ሁላችንም “ቻርጀር” የምንለው ሳጥን በእውነቱ ቻርጀር አይደለም። ተለዋጭ ኤሌክትሪክን ባትሪው ወደሚቀበለው ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው መሣሪያ የሚገኘው በመኪናው ውስጥ ነው። የግድግዳው ሳጥን በር ጠባቂ ነው ማለት ይቻላል። ገመዱ መኪናው ላይ ሲሰካ ሳጥኑ በአንዲት ቀጭን ሽቦ በሴኮንድ አንድ ሺህ ጊዜ የሚመታ ምልክት ይልካል። ምልክቱ ከእያንዳንዱ ምት ውስጥ ምን ያህሉን ጊዜ እንደበራ መኪናው ይለካል፤ ግማሹን ጊዜ ከበራ “ከ30 አምፔር በላይ እንዳትስብ” ማለት ነው። ይህ ውይይት እስኪጠናቀቅ ድረስ በገመዱ ጫፍ ላይ የመኪናው ኃይል አይለቀቅም። ስለዚህ እርጥብ እጅ ባለው ሰው የተያዘ ገመድ ከተራ የቤት ሶኬት ይልቅ የሚያስፈራ አይደለም። ይህች ምልክት ሁለት መኪኖችን በአንድ መስመር ለማስተናገድም ቁልፍ ስለሆነች ወደ ኋላ እንመለስባታለን።

አሁን ወደ ሙቀቱ እንሂድ። በሽቦ ውስጥ የሚፈጠር ሙቀት ከፍሰቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ፍሰቱ በእጥፍ ሲጨምር ሙቀቱ በአራት እጥፍ ይጨምራል። በሶኬት ውስጥ በወጉ ያልጠበቀች ብሎን የአንድ ኦም ሃያኛ ያህል ተቃውሞ ፈጠረች እንበል። በዚያች ነጥብ ላይ 12 አምፔር ሲያልፍ የሚፈጠረው ሙቀት ከ7 ዋት ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ ማንም አያስተውለውም። በዚያችው ብሎን 40 አምፔር ሲያልፍ ግን ሙቀቱ 80 ዋት ይደርሳል። በእጅ የማይያዘውን የድሮ ባለ ክር አምፖል ያስታውሱ፤ ያ ሙቀት በፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ታፍኖ፣ ከእንጨት ምሰሶ አጠገብ፣ ሰባትና ስምንት ሰዓት ሲቆይ ምን እንደሚያደርግ መገመት አያዳግትም። ከሁሉ የሚከፋው ብሬከሩ ይህን አለማየቱ ነው። ብሬከር የሚቆጥረው የፍሰቱን መጠን ሲሆን መጠኑ ደግሞ ከተፈቀደው አላለፈም። በየሌሊቱ የሚሞቅና በየማለዳው የሚቀዘቅዝ ብረት እየተለጠጠና እየተኮማተረ ብሎኗን ይበልጥ ያላላታል።

“የልብስ ማድረቂያዬ በዚሁ ሶኬት ስንት ዓመት ሠርቷል” የሚሉ አሉ። ማድረቂያው የሚሠራው ለአንድ ሰዓት ያህል፣ ያም እየበራና እየጠፋ ነው። መኪና ግን ሳያቋርጥ ይስባል። የአሜሪካ ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ደንብ ለሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚቆይን ጭነት “ቀጣይ ጭነት” ብሎ ለይቶ የሚያየው ለዚህ ነው። ስለ ኤሌክትሪክ መኪኖች የሚናገረው አንቀጽ 625 መስመሩና ብሬከሩ መኪናው ከሚስበው ቢያንስ በሃያ አምስት በመቶ የበለጠ አቅም እንዲኖራቸው ያዝዛል። 40 አምፔር ለሚስብ መኪና የ50 አምፔር ብሬከር፣ 24 አምፔር ለሚስብ የ30 አምፔር ብሬከር ያስፈልጋል።

ይህን ሕግ ይዘን ወደ ፒዮሪያ ስትሪት ቤቶች እንግባ። በኦሮራ በኩል፣ ከፒዮሪያ በስተምሥራቅ የሚገኘው ሆፍማን ሃይትስ በ1950ዎቹ የተገነባ ሰፈር ነው። በሰሜን በኩል፣ በዴንቨር ውስጥ ያለው ሞንቤሎ መሠራት የጀመረው በ1960ዎቹ ነው። በዚያ ዘመን አንድ ቤት 100 አምፔር ካገኘ በቂ ነበር፤ ከዚያ ያነሰ የተሰጣቸውም ነበሩ። እያንዳንዳቸው 40 አምፔር የሚስቡ ሁለት ቻርጀሮች ለየብቻ ይገጠሙ ቢባል ድምራቸው 80 ነው፤ ሃያ አምስት በመቶው ሲታከልበት 100 ይሆናል። ምድጃው ሳይበራ፣ ማድረቂያው ሳይዞር፣ ማቀዝቀዣው ሳይነሣ የቤቱ ድርሻ አለቀ ማለት ነው። ሁለተኛ መኪና የገዛ ሰው ባለሙያ ሲጠራ “ሳጥኑ በሙሉ ወደ 200 አምፔር መቀየር አለበት” የሚል መልስና ብዙ ሺህ ዶላር የሚጠይቅ ዋጋ የሚሰማው በዚህ ስሌት ነው።

ስሌቱ ትክክል ነው። የጎደለው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ሁለቱ መኪኖች በእርግጥ ያን ያህል ኃይል ይፈልጋሉ?

ለምሳሌ አንዱ መኪና በቀን 150 ማይል የሚነዳ የአውሮፕላን ማረፊያ አሽከርካሪ፣ ሌላው 35 ማይል ተጉዞ ከሥራ የሚመለስ ሰው መኪና ይሁን። አንድ መካከለኛ የኤሌክትሪክ መኪና ለአንድ ማይል 0.3 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። የመጀመሪያው 45፣ ሁለተኛው ከ10 ጥቂት የሚበልጥ ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል። በመንገድ ላይ በሙቀት የሚባክነውን አንድ አሥረኛ ጨምረን በጠቅላላው 61 እንበል። አንድ ባለ 50 አምፔር መስመር በ240 ቮልት 40 አምፔር ሲሰጥ 9.6 ኪሎዋት ነው፤ ከሌሊቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባሉት ሰባት ሰዓታት 67 ኪሎዋት ሰዓት ያቀርባል። አንድ መስመር ለሁለቱም በቃ ማለት ነው።

የኮሎራዶ ክረምት ሲመጣ ሒሳቡ ይጠብባል። በብርድ ጊዜ የመኪናው ማሞቂያም የባትሪው ስንፍናም ተደምረው ፍጆታውን በሠላሳ በመቶ ቢያሳድጉት 80 ኪሎዋት ሰዓት ይደርሳል፤ ይህም ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል መጀመርን ይጠይቃል። በብርዱ ቀናት አሽከርካሪው በከተማው ፈጣን ጣቢያ ሃያ ደቂቃ መቆም ሊኖርበት ይችላል። ከ32 አምፔር በላይ መቀበል የማይችል የቆየ መኪና ያላቸውም ሰዓቱ ትንሽ እንደሚራዘምባቸው ይወቁ።

በነገራችን ላይ ዴንቨር ለዚህ ዓይነቱ ስሌት እንግዳ አይደለችም። ኦሊቨር ፍሪችል የተባለ የኬሚስትሪ ሰው በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በዚህችው ከተማ የኤሌክትሪክ መኪና ፋብሪካ ነበረው። መኪናው በአንድ ሙሌት 100 ማይል እንደሚሄድ ለማሳየት በ1908 ከሊንከን፣ ነብራስካ ተነሥቶ እስከ ኒው ዮርክ ነድቷል። በየከተማው የሚፈልገው ዛሬ እኛ የምንፈልገውን ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉ የማይከዳ መስመር።

አንዱን መስመር ለሁለት ማካፈል የሚቻለው በላይ ባነሣናት ምልክት ነው። ጭነት የሚጋሩ ሁለት የግድግዳ ሳጥኖች በገመድ ወይም በሬዲዮ ሞገድ እርስ በርስ ይነጋገራሉ። ሁለቱም መኪኖች ሲሰኩ ለእያንዳንዳቸው “20 አምፔር” ብለው ያስታውቃሉ፤ የሁለተኛው መኪና ባትሪ ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ ሲሞላ የቀረው 40 በሙሉ ለአሽከርካሪው መኪና ይለቀቃል። የቴስላ የግድግዳ ሳጥን እስከ ስድስት የሚደርሱ አቻዎቹን በዚህ መንገድ ማስተባበር ይችላል፤ ሌሎች አምራቾችም ተመሳሳይ መሣሪያ አላቸው። ዋናው ነገር ሁለቱ ሳጥኖች አንድ ዓይነት ቋንቋ የሚናገሩ፣ ማለትም የአንድ አምራች መሆናቸውን ሲገዙ ማረጋገጥ ነው።

ቤቱ 100 አምፔር ብቻ ኖሮት ተጨማሪው የ50 አምፔር መስመር እንኳ የሚከብደው ከሆነ ሌላ መላ አለ። በዋናው መስመር ላይ እንደ ቀለበት የሚገባ መለኪያ የቤቱን ጠቅላላ ፍጆታ እየተከታተለ ምድጃው ሲበራ የመኪናውን ድርሻ ይቀንሳል፤ ምድጃው ሲጠፋ ይመልሳል። ደንቡ ይህን አሠራር ይቀበላል። የዴንቨር አካባቢ ብዙ ቤቶች የሚሞቁት በተፈጥሮ ጋዝ መሆኑም ያግዛል፤ ክረምት ላይ የኤሌክትሪክ ሳጥኑ ትንፋሽ አለው። በግሌ፣ ሳጥን ለመቀየር ከመስማማትዎ በፊት ባለሙያውን “ጭነት የሚጋራ መሣሪያ ቢገጠምስ ሒሳቡ ምን ይሆናል?” ብሎ መጠየቅና መልሱን በጽሑፍ መቀበል ተገቢ ይመስለኛል።

ባለ 240 ቮልት መስመር ማስገባት የማይችሉ ተከራዮች ደግሞ ተራውን የ120 ቮልት ሶኬት ይጠቀማሉ። 12 አምፔር በአሥር ሰዓት ውስጥ 14 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይሰጣል፤ በቀን 35 ማይል ለሚነዳ ሰው ይበቃዋል። በእኛ ጋራዦች ውስጥ ግን ሌላ ነዋሪ አለ፤ የእንጀራ ምጣድ። ቤቱ በእንፋሎትና በሽታ እንዳይሞላ ብዙ እናቶች ምጣዱን የሚጥዱት ጋራዥ ውስጥ ነው። 1,500 ዋት የሚፈጅ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን 12.5 አምፔር ይስባል። መኪናውና ምጣዱ በአንድ መስመር ላይ ከተሰኩ ድምሩ ወደ 25 አምፔር ይጠጋል፤ የጋራዡ ብሬከር ግን 15 ወይም 20 ነው። ብሬከሩ ከቆረጠ ተመስገን ነው። የሚያስፈራው ሁለቱን ከሩቅ በሚጎትት ቀጭን ማከፋፈያ ላይ መሰካት ነው፤ ማከፋፈያው በብሬከሩ ሳይሆን በራሱ ፕላስቲክ መቅለጥ ችግሩን ያስታውቃልና። መኪናው ያለ ማከፋፈያ፣ በቀጥታ ግድግዳ ላይ ይሰካ። ምጣዱም የራሱ ሌላ መስመር ይኑረው፤ ካልተቻለም እንጀራው ተጋግሮ እስኪያልቅ መኪናው ይነቀል።

በሥራ ላይ ከሚታዩ ስሕተቶች አንዳንዶቹ ጥቃቅን ይመስላሉ። 48 አምፔር ለሚስብ ሳጥን የ60 አምፔር ብሬከር ያስፈልጋል፤ ተለምዶ በመኖሪያ ቤት የሚሳበው ፕላስቲክ ልባስ ያለው ቁጥር 6 የመዳብ ሽቦ ግን የሚፈቀድለት 55 አምፔር ብቻ ነው። “ቁጥር 6 ይበቃል” የሚል ገጣሚ ካጋጠመዎ ይህችን ቁጥር ይጥቀሱለት። ከአንድ ሶኬት ሁለት ገመድ የሚያወጣና እርስ በርስ የማያነጋግር ማባዣ በርካሽ ይሸጣል፤ አይግዙት። ሶኬት የግድ ከሆነ ርካሹን ሳይሆን ለከባድ አገልግሎት የተሠራውን ይምረጡ፤ ስፒናውንም በየቀኑ እየነቀሉ አይሰኩ፤ የውስጡ መያዣ ይላላል። ከዚህ ሁሉ የሚሻለው ሳጥኑን ያለ ሶኬት በቀጥታ ከሽቦው ጋር ማገናኘት ነው። ይህ ሌላም ጥቅም አለው። ለሶኬት የሚጠየቀው የምድር ፍሳሽ ቆራጭ ብሬከር 5 ሚሊአምፔር ገደማ ሲያፈተልክ ይቆርጣል፤ የግድግዳው ሳጥን የራሱ ጠባቂ ደግሞ 20 ገደማ ላይ ነው የሚቆርጠው። ሁለቱ ጠባቂዎች አንዳንዴ አይስማሙም፤ መኪናው በእኩለ ሌሊት ያለ ምክንያት ይቋረጣል። ሰው ተናዶ ቆራጩን በተራ ብሬከር ሲተካ የቤተሰቡን ጠባቂ እንዳባረረ ይቁጠረው። በቀጥታ ሲገናኝ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሳጥኑ በራሱ ጠባቂ ብቻ ይሠራል።

በዕድሜ የገፉ ቤቶች ላይ ሁለት ነገር ይታይ። አንደኛው የብሬከር ሳጥኑ ስም ነው። በላዩ “ፌዴራል ፓስፊክ” ወይም “ስታብ-ሎክ” የሚል ካለ፣ ከእነዚህ ብሬከሮች መካከል ጭነት ሲበዛ ሳይቆርጡ የቀሩ በሙከራ ተገኝተዋልና መኪና ከመጨመሩ በፊት ሳጥኑ ይቀየር፤ እዚህ ላይ ቁጠባ አያዋጣም። ሌላው ከ1960ዎቹ አጋማሽ እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ በቤቶች ውስጥ የተዘረጋው የአሉሚኒየም ሽቦ ነው። አሉሚኒየም በሙቀት ከመዳብ ይበልጥ ስለሚለጠጥ በብሎኖች ሥር ይላላል። ቤትዎ በዚያ ዘመን የተሠራ ከሆነ በነባሩ የ120 ቮልት ሶኬት ላይ መኪና ከመሰካትዎ በፊት ያስመርምሩት።

ፈቃድን በተመለከተ ፒዮሪያ ስትሪት ራሱ ግራ ያጋባል። መንገዱ በአንድ በኩል ዴንቨር፣ በሌላ በኩል ኦሮራ ነው፤ የሁለቱ ከተሞች የፈቃድ ክፍሎች የተለያዩ ናቸው። የፖስታ አድራሻዎ ሳይሆን ቤትዎ በእርግጥ የሚገኝበት ከተማ ነው የሚቆጠረው። አዲስ የ240 ቮልት መስመር በሁለቱም ከተሞች ፈቃድና ምርመራ ይጠይቃል። “ያለ ፈቃድ በርካሽ እሠራልሃለሁ” የሚል የምናውቀው ሰው አይጠፋም፤ ነገር ግን ተቆጣጣሪው የሚያየው የሽቦውን ቁጥርና የብሎኑን ጥብቀት ነው፤ እነዚያው በላይ 80 ዋት ያልናቸው ነጥቦች ናቸው።

ባትሪውን ፈጽሞ እንርሳው ማለት አይደለም። ጄኔራል ሞተርስ በ2020 እና በ2021 የሼቭሮሌ ቦልት መኪኖችን ለጥገና ሲጠራ ባለቤቶቹ ከቤት ውጭ እንዲያቆሙና ሌሊት ያለ ተመልካች እንዳይሞሉ መክሮ ነበር፤ መንስኤው በባትሪው አሠራር ላይ የተገኘ ጉድለት ነው። ያገለገለ መኪና ሲገዙ የመኪናውን 17 ፊደልና ቁጥር ይዘው በአሜሪካ የአውራ ጎዳና ደህንነት አስተዳደር ድረ ገጽ ላይ ያልተፈጸመ የጥገና ጥሪ እንዳለ ይፈትሹ፤ ክፍያ የለውም። በጋራዡና በመኖሪያ ቤቱ መካከል ያለው በር ሁልጊዜ ይዘጋ። በጋራዡ ውስጥ ከጭስ ይልቅ ሙቀትን የሚለይ ማስጠንቀቂያ ይሻላል፤ የምጣዱ ጭስ በሐሰት አያስጮኸውም። ባትሪ ከተቀጣጠለ ውሃ ይዘው አይሟገቱት። ሁሉንም ሰው አስወጥተው፣ በሩን ዘግተው 911 ይደውሉ፤ የሚነደው የኤሌክትሪክ መኪና መሆኑንም ይናገሩ። የጠፋ ባትሪ ከሰዓታት በኋላ እንደገና ሊነሣ ስለሚችል ለእሳት አደጋ ሠራተኞቹ ይህ አስፈላጊ ነው።

የኢትዮጵያ መንግሥት በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ ይህ ጉዳይ የአዲስ አበባ ግቢዎችም ሆኗል። እዚያ ቮልቴጁ 220 ስለሆነ አንድ ተራ ሶኬት ከአሜሪካው ተራ ሶኬት በእጥፍ ገደማ ኃይል ይሰጣል፤ በላላች ብሎን ላይ የሚፈጠረው ሙቀት ግን በአምፔሩ እንጂ በቮልቴጁ አይለካም፤ ሕጉ ያው ነው። እዚያ ቀድሞ መጠየቅ ያለበት ቤቱ እውነተኛ የምድር መስመር አለው ወይ የሚለው ነው። ተንቀሳቃሹ ቻርጀር ቀይ መብራት አብርቶ እምቢ ካለ፣ የምድሩን እግር ማታለል ሳይሆን የምድር ዘንግ ማስቀበር ነው መፍትሔው።

ወደ ፒዮሪያ እንመለስና ሁሉም ተገጥሞ ያለቀበትን የመጀመሪያ ምሽት እናስብ። ሁለቱ መኪኖች ከተሰኩ ከአንድ ሰዓት በኋላ ወደ ጋራዡ ይውረዱ። በእጅዎ ጀርባ የሳጥኑን ክዳን፣ ሶኬቱን፣ ስፒናውን፣ መጨረሻም የብሬከሩን ፊት ይንኩ። ለብ ቢል የተለመደ ነው። እጅ የማያስቆይ ትኩሳት፣ ቡናማ ጠባሳ ወይም የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ካለ ብሬከሩን አጥፍተው ባለሙያውን ይጥሩ። ገመዱን በማንጠልጠያ ይስቀሉት፤ ከመንገድ በበረዶ ማቅለጫ ጨው የተበከለው ውሃ ከመኪናው እየተንጠባጠበ ወለሉ ላይ ሲጠራቀም መሰኪያውን ይበላዋል። ከዚያ ብዙ ሊትር ሳይሆን ብዙ ኪሎዋት የሚጠብቀውን ማለዳ አስበው ወደ መኝታዎ ይሂዱ። በሳምንቱ አንድ ጊዜ፣ በጥርና በየካቲት ብርድ ደግሞ ደጋግመው፣ ያንኑ በእጅ ጀርባ የሚደረግ ፍተሻ ይድገሙት።